ሁለት ሳምንት ዕረፍት

ወገዳ ላይ የምታስተምረው ላቀች አልጋ የያዙ አማቷን ስታስታምም ሦስት ዓመት ሞላት። ከዓይኗ ሥር ከመጥቆሩና ከማበጡ የተነሳ ተማሪዎቿ ሳይቀሩ «ቲቸር፣ አሞሻል እንዴ?» ይሏት ጀመር። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ እህቷ ሰብለ ባሕር ዳር ወስዳ ለሐኪም አሳየቻት።

ሐኪሙ ደኅና አድርጎ አያትና፣ «በሌዘር ከሆነ በየወሩ እየተመላለስሽ አራት ጊዜ ይሠራልሻል» አላት። «በቀዶ ጥገና ከሆነ አንዴ ነው። ግን ሁለት ሳምንት ማጎንበስም፣ ከባድ ነገር ማንሳትም ክልክል ነው።»

«ሰው ደግፎ ማንሳትም?»

«እሱማ ጭራሽ!»

«እንግዲያው ቀዶ ጥገናው ይሁንልኝ» አለች ላቀች።

ሰብለ ደነገጠች። «መርፌ ስታዪ የምትሸሺው ሴትዮ! ምነው ሌዘሩ ቢሆን?»

«ሁለት ሳምንት ሲል አልሰማሽም?»

እናቱን ማንሳቱን አወቀ የሚባለው ባሏ ተረከበ። ላቀች ከቀዶ ጥገናው በኋላ እህቷ ቤት ለጥ ብላ ተኛች። ስፌቱ የተፈታ ዕለት ሰብለ መስታወት አቀበለቻት። እብጠቱ ጎደል ብሏል፤ ጥቁረቱ ግን ገና አለ። ላቀች አየት አድርጋ መለሰችላት።

«ዛሬ ስንተኛ ቀኔ ነው?»

«ሰባተኛሽ።»

«ተመስገን፣ ገና ሰባት ይቀረኛል» አለችና ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።