ሁለት የሆነችው ፌሪ

ይድነቃቸው የያኤልን ፎቶ በራሱ ስም ለውድድር አስገባ። የነገራትም ራሱ ነው፤ እሷ ፓርክላንድስ ሰፈር፣ አንድ የፎቶ ክለብ ውስጥ ለዳኝነት ተቀምጣ ሳለ በቴክስት፦ «ቁጥር ሰባት የኛ ነው። አደራ።»

የኛ።

ኮሪደር ወጥታ ደወለችለት። ዳኛ መወዳደር አይችልም ተብሏል፣ ታዲያ ያን የመሰለ ፎቶ ኮምፒውተር ውስጥ ይበስብስ ወይ አላት። ለሁለታችን ብዬ ነው አላት። ስሙስ ብትለው ሳቀ።

«ስም ምን ያደርግልሻል ያኤልዬ? የሰርጉም ፎቶ ላይ እኮ ያለው የኔ ማኅተም ነው።»

እውነቱን ነው። አራት ዓመት ሙሉ የሳውዝ ሲ ሰፈርን የሀበሻ ሰርግ አብረው ሲያነሱ ማኅተሙ «ይድነቃቸው ፎቶ» ነው። ጎንበስ ብላ ቬሎ የምታስተካክለው እሷ፣ የሚመረቀው እሱ። የበሬን ምስጋና ፈረሱ ወሰደው፤ በሬውም ዝም አለ።

ይቺ ግን የሰርግ አይደለችም። ሞምባሳ ለሰርግ ወርደው፣ እሱ ከሚዜዎቹ ጋር እራት ላይ ሲሳሳቅ፣ እሷ ትራይፖዷን ተሸክማ ወደቡ ዳር ሄደች። ትንኝ እየበላት ዘጠኝ ፎቶ ጎን ለጎን አነሳች፤ ገጣጥማም አንድ ረጅም ፎቶ አደረገቻቸው። ያሸነፈ ፎቶ ዓመቱን ሙሉ የክለቡ አዳራሽ ውስጥ ይሰቀላል፣ ካነሳው ሰው ስም ጋር።

ተመልሳ ገባች። ዳኞቹ የሚያዩት ቁጥር እንጂ ስም አይደለም። የዳኞቹ ሰብሳቢ ላሚያ የሞምባሳ ልጅ ናት፤ ሰባት ቁጥርን ስታይ ከወንበሯ ተነሳች። ክሬኖቹ፣ የመርከቦቹ መብራት፣ ውሃው ላይ የተዘረጋው ብርሃን። ሦስተኛው ዳኛ ጋሽ ዘርይሁን ለውበቱ አሥር ከአሥር ጽፈው እስክሪብቷቸውን ከድነዋል። የቀረው የያኤል ነው፣ የቴክኒኩ። መገጣጠሚያውን፣ የመብራቱን ጥራት፣ አድማሱ መጉበጥ አለመጉበጡን የምታየው እሷ ናት። ከአምስት በታች የሰጠችው ይወድቃል።

ዙም አደረገች። ክሬኖቹ ቀጥ ብለዋል፣ ጨለማው ንጹህ ነው። ወደ ግራ ሄደች። ሦስተኛውና አራተኛው ፎቶ የተገጠሙበት ጋ፣ ሰው የምታሻግረው ጀልባ፣ ፌሪዋ፣ ሁለት ሆናለች። በሁለቱ ፎቶዎች መሀል ተንቀሳቅሳ ኖሮ አንዷ ፌሪ ሁለት ቦታ በርታለች፤ ሁለተኛዋ ግማሽ ብቻ።

ያኤል ይሄንን አርማው ነበር። ሁለት ቀን ፈጅቶባታል። ይድነቃቸው ያስገባው ያልታረመውን ነው። የታረመውና ያልታረመው አንድ ፎልደር ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው መለየት አልቻለም። አራት ዓመት አብሯት ሠርቶ።

ዝም ብትል ማንም አያይም። ፎቶዋ ትሰቀላለች፤ ከሥሯ የሱ ስም። የኔ ናት ብትል ደግሞ፣ ዳኛ ሆና አስገባች ተብሎ ፎቶዋም እሷም ይወጣሉ።

«እዚህ ጋ» አለች፣ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ። «ፌሪዋ ሁለት ናት።»

ላሚያ ተጠጋች። ቆይታ ነው ያየችው። ጋሽ ዘርይሁን መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወለወሉ፣ መልሰው አደረጉ።

«አይ» አለች ላሚያ፣ እንደ ማዘን ብላ። «ያነሳው ሰው ዓይን አለው። እጁ ግን ችኩል ነው።»

«ችኩል ነው» አለች ያኤል።

ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ነዘረ። በፊቱ ደፋችው። ሦስት ብላ ጻፈችና ስምንት ቁጥርን ከፈተች።