ስም ያልተጻፈባት የእሽቅድምድም መኪና

ይኸውልሽ የኔ ቆንጆ፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ ብቻሽን መሆን የምትችዪው ባኞ ቤት ብቻ እንደሆነ ታውቂያለሽ። የምስራችም በሩን ቆልፋ፣ የገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ፣ ስልኳ ላይ የመጣውን ኢሜይል ለሦስተኛ ጊዜ ታነባለች። አባቷ አበጀ ከተቀበረ አራተኛ ቀኑ ነው። ፈረንጅ አገር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ያቺ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ይህን ሁሉ ሰው መያዝ እንደምትችል ያወቀችው ሰሞኑን ነው።

«ምስሬ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አለች እናቷ ይርጋለም፣ በሩን ቆርቆር አድርጋ።

«አይም ካሚንግ።»

አልወጣችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አበጀ ከቤታቸው ብዙም ሳይርቅ፣ አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል ስር የሰው መኪና ፓርክ ያደርግ ነበር። ዩኒፎርም ለብሶ፣ ቁልፍ ተቀብሎ፣ አቁሞ መመለስ፤ ሥራው ይኸው ነው። ቤት ሲገባ ግን በፖስታ ያስቀመጣቸው አራት ፎቶዎች ነበሩት። ሰማያዊ የእሽቅድምድም መኪና ናት፤ አንድም ፊደል አልተጻፈባትም። በአንዱ ፎቶ ላይ የፊት ጎማዎቿ ከመሬት ተነስተዋል። በአራተኛው ላይ ኮፈኗን የተደገፈ የሰው ክንድ አለ፣ ክንድ ብቻ።

«ሞተሯን የሠራሁት እኔ ነኝ» ይል ነበር ለመጣው እንግዳ ሁሉ። «ተማሪ ሆኜ። ሩብ ማይል ነው የምትሮጠው፣ ቀጥ ብላ፣ በአስራ አንድ ሰከንድ።»

«ምን መኪና ናት ታዲያ?»

«የራሷ ዓይነት ናት» ይልና ይስቃል። እንግዳውም ይስቃል፣ ግን በሌላ ነገር።

ባለፈው ሰኔ የምስራች ሃይስኩል ስትጨርስ ጓደኞቿ ቤት መጡ። አበጀ ፖስታውን ይዞ ከች አለ። ትህትና የምትባለዋ «አንተ የቱ ነህ?» ስትለው ክንዱን አሳያት። ልጆቹ ተያይተው ፈነዱ። የምስራች ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

«ዳዲ፣ ፕሊዝ። አንተ እኮ ፓርኪንግ ነው የምትሠራው።»

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ሰብስቦ ፖስታው ውስጥ ከተተ። ከዚያን ቀን ወዲህ ለማንም አላወጣቸውም።

እሷ ግን አልበቃትም። ከመሳቢያው ሰርቃ በስልኳ አነሳቻቸውና የድሮ እሽቅድምድም መኪና ወዳዶች የሚሰበሰቡበት የኢንተርኔት ፎረም ላይ ፖስት አደረገቻቸው። ከፎቶዎቹ በላይ የጻፈችውን እንኳን ላንቺ፣ ለራሷም ደግማ አላነበበችውም። ሽማግሌ ፈረንጆቹ ግን ተጣሉባት። አንዱ «መብራቷ የፎርድ ነው» ሲል ሌላው «የኋላ መስኮቷን እዩ እንጂ፣ ፕሊመዝ ናት» ይላል። አንዱ ደግሞ «እንዲህ ዓይነት መኪና ተሠርቶ አያውቅም» አለ። የምስራች እሱን ስታነብ ደስ አላት። አየሽ፣ ደስ አላት።

ከዚያ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ሥራ ቦታ፣ የሰው ቁልፍ በእጁ እንደያዘ አበጀ ልቡ ቆመ።

ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ታይፕ ያደረገችው እሷ ናት። እናቷ «የመኪናዋን ነገር እንዳትረሺ፣ ይወዳት ነበር» ስትላት «እሺ» አለች። ግን ሰው እንዳይስቅ ብላ ሳትጽፈው ቀረች።

አሁን ኢሜይሉ መጣ። ከባኞ ቤቱ ወጥታ ሳሎኑ መሃል ቆመች። ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ፣ ሴቶቹ ምግብ በወረቀት ሳህን ያድላሉ፣ እናቷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች።

«የዳዲን መኪና ፎቶዎች ኢንተርኔት ላይ አውጥቼ ነበር፤ አብሮት የሠራ ሰው መለሰልኝ» አለች።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። እየተረጎመች አነበበች፦ «ሁላችሁም ትክክል ናችሁ። ሰውነቷ ፕሊመዝ ነው። ፊቷ ተጋጭቶ ስለተጨራመተ ጋራዣችን ውስጥ የተገኘውን የፎርድ ፊት ገጠምንላት። በፈረንጆቹ ሰባ ስምንት፣ ሀያትስቪል ከተማ። ቀለም ቀብተን ስም ሳንጽፍባት ተሸጠች። ክንዱ የአቤ ነው፣ የኢትዮጵያዊው ተማሪ። ሞተሩን ከባዶ የገጠመው እሱ ነው። ጆሮውን አስጠግቶ ድምፁን ሰምቶ ነበር የሚያስተካክለው። አባትሽ እሱ ከሆነ ሰላም በይልኝ።»

ይርጋለም ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ከታችኛው ፎቅ ምግብ ይዘው የመጡት እትዬ ሀጀራ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «የኔ ልጅ፣ ጎሽ። አባቷን ልታስመሰግን ፈልጋ እኮ ነው» አሉ። ከዚያ በቅን ልብ ጠየቁ፦ «አንቺስ ምን ብለሽ ጽፈሽለት ነው? እስቲ ከላይ ጀምሪልን።»

ስልኩን የሚያይ ሰው የለም። እንግሊዝኛውን እሷ ናት የምትተረጉመው። «አባቴን እወደዋለሁ» ብላ ብታነብ ማን ያውቃል? እናቷን አየች። እናቷ በኩራት እያየቻት ነው፣ ያ ነው የባሰው።

«‹አባቴ ይቺን መኪና ሠራሁ እያለ ሰው ፊት ያዋርደኛል›» ብላ ጀመረች። እናቷን ሳታይ ቀጠለች። «‹የሰው መኪና አቋሚ ነው። የማን እንደሆነች ንገሩኝና ውሸቱን ያቁም።›»

ካርታ የሚያድለው እጅ ቆመ። እናቷ ዓይኗን ከእሷ ላይ አነሳች።

«የሕይወት ታሪኩ ውስጥም ረስቼው አይደለም» አለች የምስራች። «አፍሬበት ነው።»

መቆሚያ አጣች፤ ተመልሳ ባኞ ቤት ልትገባ ዞር ስትል ሠላሳ ዓመት የአባቷ ጓደኛ የነበሩት ጋሽ ያለው ካርታቸውን ገልብጠው አስቀመጡ። እግራቸውን ሰብስበው ፍራሹ ላይ ትንሽ ቦታ ለቀቁ። ያሏትን ቃል በቃል ልንገርሽ፦

«እኔም አላመንኩትም ነበር። ነይ፣ አጠገቤ ቁጭ በይ።»