ሰባት ሰው ለንዝረት

…ሰባት ብቻ፣ ስምንተኛው ትርፍ ነው፣ ሰባት ተማሪ መጥቶ ከተቀመጠላት ኮርሱ ተከፈተ ማለት ነው፣ ካልሞላ ግን የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ትናንት ጠረጴዛውን በብዕር እያንኳኳ እንደነገራት ነው፣ የምርጫ ኮርስ ምርጫ ነው እህቴ፣ ተማሪው ካልመረጠው እኔ ምን ላድርግ፣ ወደ ድሮዊንግሽ ትመለሻለሽ። ድሮዊንግ። የአንደኛ ዓመት ልጆች፣ የዶለዶመ እርሳስ፣ ቲቸር ይሄ መስመር ይቆራረጣል ወይስ ይቀጥላል፣ አምስት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስትመልስ ኖራ አሁን፣ በስንት ልመና፣ በገዛ እጇ ያረቀቀችው ኮርስ፣ የሜካኒካል ንዝረት፣ ለአራተኛ ዓመት፣ ልቧ ደረቷን ይደልቃል፣ ደስታ ነው ፍርሃት ብትባል መለየት አትችልም፣ ደስታው ሳይበልጥ አይቀርም።

ከሁሉም ቀድማ መጥታለች። ሰሌዳውን ጠርጋ ጠርጋ አጥቁራዋለች፣ በሩን እስከ ግድግዳው ወለል አድርጋ ከፍታዋለች፣ የተዘጋ በር ተማሪ ያባርራል፣ የተከፈተ ይጠራል፣ እናቷ ጠዋት በስልክ፣ ዛሬ የምታስተምሪው ምንድን ነው አልሽኝ፣ ንዝረት እማዬ፣ ማሽን ለምን እንደሚንቀጠቀጥ፣ ወይ ልጄ፣ ሰው መንቀጥቀጡ እንዲለቀው ይጸልያል አንቺ ትምህርት ታደርጊዋለሽ፣ በይ ይቅናሽ። ይቅናኝ እማዬ። ኮቴ፣ ኮሪደሩ ላይ ኮቴ አለ፣ ረዘም ያለ ልጅ ይገባል፣ ከኋላው ሁለት፣ ጆሮዋ ላይ የሙዚቃ ማዳመጫ የደፋች ልጅ፣ ከዚያ አምስት ስድስት ባንዴ፣ ሰባት፣ ሞላ፣ ኧረ ገና ይመጣሉ፣ ወንበር ይጎተታል፣ ቦታ ያጣው የመስኮቱ ደፍ ላይ ጉብ ይላል፣ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ማን ነበር ተማሪ ሥራ የሚያስቀጥረውን እንጂ ሌላ አይመርጥም ያለው፣ ሁሉም ማቀዝቀዣና አውቶሞቲቭ ላይ ነው የሚረባረበው ያለው፣ ይምጣና ይይ። ጠመኔው በእጇ ይሰበራል፣ በስባሪው ትጽፋለች፣ ትልቅ አድርጋ፣ የሜካኒካል ንዝረት።

ከኋላዋ ሹክሹክታ።

ይቅርታ ቲቸር፣ ይላል ረጅሙ ልጅ፣ ጋሼ ፒስተን ዛሬ አይገቡም እንዴ?

ጋሼ ፒስተን። የአውቶሞቲቩ ሽማግሌ፣ እሷንም ያስተማሯት፣ ሕንፃው ከተሠራ ጀምሮ እዚህ ክፍል ውስጥ ሲጮኹ የኖሩት፣ ድምፃቸው ግቢው በር ድረስ ይሰማል የሚባልላቸው፣ ዘንድሮ ቀጥሎ ወዳለው ክፍል ተዛውረዋል፣ መዛወራቸው በወረቀት ተጽፎ በሩ ላይ ተለጥፏል፣ በሩን ደግሞ ወለል አድርጋ ከግድግዳው ጋር ያጣበቀችው፣ ጽሑፉን ለግድግዳው ያስነበበችው፣ ማን ትሁን፣ ራሷ። ቀጥሎ ያለው ክፍል ነው ትላለች፣ ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስላል። ይቅርታ ቲቸር፣ ይቅርታ፣ ሳናውቅ ነው፣ ጨዋ ልጆች ናቸው፣ በጨዋ ደንብ እግሬ አውጪኝ ይላሉ፣ ወንበሩ ባዶ፣ የመስኮቱ ደፍ ባዶ። የቀሩት ባለማዳመጫዋ፣ ምንም ስላልሰማች፣ እና ጥግ ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ አብረው እስከተቀመጡ ድረስ የትኛውም ክፍል ክፍል የሆነላቸው። ሦስት።

ከነገሩ ጦም እደሩ ብላ ቦርሳዋን ማንሳት ትችላለች፣ ዐይኗ ያቃጥላታል፣ ድሮዊንግ፣ መስመሩ ይቆራረጣል ወይስ ይቀጥላል፣ ግን ሰው ሲወጣ ነው የተሰማት፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ ጣሪያው ላይ ያለው ቬንቲሌተር ወገቡን እንደታመመ ሰው ይወዛወዛል፣ በዞረ ቁጥር ቋ፣ ይኸው የኔ ኮርስ፣ ከአናቴ በላይ ተንጠልጥሎ እየጠራኝ ቦርሳ አነሳለሁ እንዴ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ትሰሙታላችሁ? ባለማዳመጫዋ አንዱን ጆሮ ትገልጣለች፣ ምኑን? ቬንቲሌተሩን፣ ለምን ይመስላችኋል የሚወዛወዘው? አርጅቶ ነዋ፣ ይላል የጥጉ ልጅ። እርጅና ቢሆንማ ጋሼ ፒስተንም በተወዛወዙ፣ ትላለች፣ ሳታስበው፣ ሦስቱም ይስቃሉ፣ እሷም፣ በሳቁ መሃል የቬንቲሌተሩን ማጥፊያ ትጫናለች፣ ጠረጴዛ ትጎትታለች፣ ጫማዋን ታወልቃለች።

አንደኛው ክንፉ ከሌሎቹ ይከብዳል፣ ወይም ይቀላል፣ የቱ እንደሆነ ግን አይታይም፣ እንጠይቀዋለን፣ እያለች ቦርሳዋን ስታምስ ሮንዴላዎቿ፣ ከብሎን ሥር የሚገቡት ትናንሽ የብረት ቀለበቶች፣ ሲሚንቶው ላይ ይበተናሉ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ሴት ልጅ ቦርሳ ውስጥ ሮንዴላ ምን ይሠራል ትላት ነበር እናቷ፣ ይኸው እማዬ፣ ለዛሬ። አንዱን ሮንዴላ በፕላስተር አንደኛው ክንፍ ላይ ታጣብቃለች፣ ትወርዳለች፣ ታበራለች። ቬንቲሌተሩ ይነሳል፣ ይፈጥናል፣ ከዚያ ይብስበታል፣ ያለ ልክ ይብስበታል፣ አቧራ ያራግፍባቸዋል፣ በሩ ላይ ሳቅ ይፈነዳል፣ ቀና ስትል አንገቶች ናቸው፣ ረጅሙ ልጅና ጓደኞቹ፣ ጋሼ ፒስተን እንደ ልማዳቸው አርፍደው ክፍላቸው ተቆልፎባቸው። ቲቸር፣ ሊወድቅብን ነው።

አጥፉት ትላለች፣ ፊቷ እየበራ፣ ምክንያቱም መባሱ የምሥራች ነው፣ አልዋሸም፣ መልስ ሰጠ፣ የት እንደማይፈልግ ነገረን፣ ግን አትናገርም፣ ምላሷን ትነክሳለች፣ ይድረሱበት፣ በእኔ አፍ ከሰሙት የኔ ነው፣ ራሳቸው ካገኙት የነሱ፣ ዝም በይ አንቺ ሴት፣ ዝም። እዚህ ላይ ከባሰበት፣ ተቃራኒው ላይ ይደረግ፣ ትላለች ባለማዳመጫዋ፣ ማዳመጫውን አንገቷ ላይ አውርዳዋለች። ተቃራኒ የለውማ፣ ይላል ረጅሙ ከበሩ፣ ክንፉ ሦስት ነው፣ ከዚህኛው ፊት ለፊት ያለው ባዶ አየር ነው። ባለማዳመጫዋ ጣቶቿን ዘርግታ ታያቸዋለች፣ ታዞራቸዋለች፣ እኩል እኩል ሮንዴላ ሁለቱ ላይ ብናደርግስ? ሁለቱ ተባብረው ወደ መሃላቸው ይጎትቱ የለም እንዴ፣ መሃላቸው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ቁርጥ ልበልልሽ፣ ሄዳ ግንባሯን ብትስማት ደስ ባላት፣ መምህር መሆኗ ያዛት፣ እንሞክረው ብቻ ትላለች። ጠረጴዛው ላይ የሚወጣው ረጅሙ ልጅ ነው፣ መቼ ገባ፣ የመጀመሪያውን ሮንዴላ ያነሳል፣ ለሌሎቹ ለሁለቱ አንዳንድ ያጣብቃል። አብሪው፣ ይላታል ባለማዳመጫዋን።

ይዞራል። ይፈጥናል። ቋ ይላል ብላ ትጠብቃለች፣ ሁሉም ይጠብቃል፣ አንገት ሁሉ ወደ ጣሪያ፣ አይልም፣ ነፋስ ብቻ፣ የአንዱ ልጅ ብዕር ቀጭ ሲል ይሰማል።

ተማሪዎቼን ማን ነው የሰረቀኝ! ከበሩ፣ ቁልፍ በእጃቸው፣ ጋሼ ፒስተን፣ ጩኸታቸው ግድግዳውን መትቶ ይመለስባቸዋል፣ ራሳቸው ይደነግጣሉ፣ ቀና ብለው ያያሉ፣ ቀስ ብለው፣ ዝም አለ? ዝም አለ ጋሼ። ጆሯቸውን ሰጥተው ይቆማሉ። ዕድሜዬን ሙሉ ጉሮሮዬን የጨረስኩት ከዚህ ጋር ስጨቃጨቅ ነዋ፣ ባለቤቴ እቤት ምን ያስጮህሃል ስትለኝ መልስ አልነበረኝም፣ አንቺ ልጅ፣ እስከዛሬ የት ነበርሽ? ድሮዊንግ ክፍል፣ ጋሼ። ይስቃሉ፣ ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞረው፣ የኔ ክፍል ሞልቶ ፈሷል፣ ምዝገባው ገና ክፍት ነው፣ እዚህ የሚቀር ካለ አልቀየምም፣ ቦታ ባገኝ እኔም እቀር ነበር።

ገሚሱ ይከተላቸዋል፣ ገሚሱ አይከተልም፣ ወንበር ይጎተታል፣ አንድ፣ ሁለት፣ ረጅሙ ልጅ ባለማዳመጫዋ አጠገብ፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ አሁንም ይጎተታል፣ ከዚያ ወዲያ መቁጠሩን ትታዋለች። ወደ ሰሌዳው ሄዳ ትዞራለች፣ እንደ አምስት ዓመት ልማዷ ለመጮህ ደረቷን በአየር ትሞላለች፣ አፏን ትከፍታለች፣ ክፍሉ ግን ጸጥ ብሎ ይጠብቃታል፣ የያዘችውን ትንፋሽ ትለቀዋለች፣ ንዝረት፣ ትላለች ለራሷ እንደምታወራ በቀስታ፣ ከኋላ ወንበር ድረስ ሁሉም ብዕር ያነሳል