ማለቂያ የሌለው ቀይ

ሰውየው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የትራፊክ መብራት ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ነው። ባልደረቦቹ ያወጡለት ስም «ቢጫው» ይባላል፤ ምንም ነገር ቢጠየቅ፣ «ሻይ ትጠጣለህ?» እንኳ ቢባል፣ ሦስት ሰከንድ ሳይቆይ አይመልስም። ሚስቱ ደግሞ ሦስት ሰከንዱን ጠብቃለት አታውቅም። ሻዩን ትቀዳለች፣ ስኳሩን ታማስላለች፣ እሱ «እሺ» የሚለው ብርጭቆውን ካጋመሰ በኋላ ነው።

ስኳሩስ ይሁን። የሚያንገበግበው ሌላ ነበር። በገዛ እጁ የተከላቸውን መብራቶች ይህች ሴት አንድም ቀን አክብራ አታውቅም። ቀዩ ሲበራ እሷ መሃል አስፋልት ላይ ናት።

«የባሌን መብራት ልጠብቅ? ባሌን ራሱን መቼ ጠብቄ አውቃለሁ» ትለው ነበር።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል እሱ፣ ሦስት ሰከንድ ቆይቶ፤ እሷ ያን ጊዜ ተሻግራለች።

አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። አርክቴክት ናት። ከስምንት ወር በፊት መሥሪያ ቤቷ ከቤት እንድትሠራ ፈቅዶላት፣ የአንድ ቀን መንገድ ከሚያስኬደው ከተማ ዕቃዋን ጠቅልላ መጣች። ከመምጣቷ በፊት ቤቱ ምን ይመስል እንደነበር ቢጫው ማስታወስ አይወድም። ባልና ሚስት የአየር ትንበያ እያዩ ይዘንባል፣ አይዘንብም ተባብለው የሚኳረፉበት ዘመን ነበር፤ ከዚያ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም።

ከልጅቷ ጋር አንድ ትልቅ ኮምፒውተር አብሮ ገባ። የሕንፃ ሥዕል ሲሠራበት ስለሚግል፣ ከፊት ለፊቱ ሦስት ክብ ማራገቢያዎች ከላይ ወደ ታች ተደርድረውለታል። ሦስቱም ሰማያዊ ያበራሉ። ቢጫው መጀመሪያ ያየው ቀን በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ማራገቢያ ነዋ፣ አባዬ።»

«ማራገቢያነቱን አይቻለሁ። የሚያበራው ለምንድን ነው?»

«ለውበት።»

«ሦስት ክብ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሦስቱም ሰማያዊ።» ጣቱን እያወረደ ቆጠራቸው። «ሰው ይሄን አይቶ ምን ያድርግ? ይቁም? ይለፍ? ይዋኝ?»

ከዚያ ወዲህ በዚያ ክፍል ሲያልፍ ዓይኑን ወደ ሌላ ያዞራል። ማዞሩ ብዙም አልጠቀመውም፤ የክፍሉ በር ከወገቡ በላይ ሰው የማያሳይ፣ ብርሃን ግን የሚያሳልፍ መስታወት ስለሆነ ኮሪደሩ ቀኑን ሙሉ የዓሣ ገንዳ መስሎ ይውላል።

ነገር የመጣው በእናት በኩል ነው። ልጅቷ ስብሰባዋን የምታደርገው በካሜራ ነው፤ እናት ደግሞ ካሜራ የሚባለውን ነገር ከግድግዳ አስበልጣ አታየውም። በሩ ሲቆለፍባት «ታመምሽ እንዴ?» እያለች ትደበድበዋለች። ልጅቷ «ስብሰባ ላይ ነኝ» የሚል ወረቀት ብትለጥፍ፣ እናት ወረቀቱን ነቅላ፣ መነጽሯን አድርጋ አነበበችና፣ «ይሄ የዛሬ ነው የትናንት?» ብላ ልትጠይቅ ገባች። ይህ አንደኛው ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ትራስ ታቅፋ ገብታ፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ አይታ፣ ደንበኛውን ፊት ለፊት «ይሄን ሁሉ መስታወት ማን ሊወለውለው ነው?» አለችው።

በማግስቱ ምሳ ላይ ልጅቷ የአለቃዋን መልእክት አነበበችላቸው። «እናትሽ ለሦስተኛ ጊዜ ስብሰባ ላይ ከታዩ፣ ጠቅልለሽ መጥተሽ ከቢሮ ትሠሪያለሽ።»

«‹ከታዩ› ነው ያለው?» አለች እናት። «የተማረ ልጅ ነው፣ አክብሮኛል።»

«እማዬ፣ መሄዴ እኮ ነው።»

እናት ማንኪያዋን አስቀመጠች። የቢጫው ሦስት ሰከንድ አለፈ፣ አሥሩም አለፈ። ከዚያ፣ «እነዚያን ሦስት ማራገቢያዎች ፈትተሽ ስጪኝ» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት የምግብ ጠረጴዛው ላይ ፎጣ አነጠፈ። መበየጃውን አጋለ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አወረደ። በእያንዳንዱ ማራገቢያ ክፈፍ አራት ማዕዘን ላይ አራት፣ ስንዴ የሚያህሉ አምፖሎች ተሰክተዋል። ልጅቷ ጎኑ ቁጭ ብላ ማራገቢያው ተበላሽቶ ኮምፒውተሯ እንዳይቃጠል ትለምነዋለች።

«የሚያዞረውን ሽቦ አልነካም» አላት። «ዓይን የሚያክም ሐኪም ልብ ይነካል?»

አሥራ ሁለቱንም ሰማያዊ እየነቀለ በሰሃን ላይ ደረደረ። ለላይኛው ቀይ፣ ለመሃለኛው ቢጫ፣ ለታችኛው አረንጓዴ በየደለት፤ ማራገቢያው እየዞረም መብራቱ ለብቻው እንዲበራና እንዲጠፋ የየራሳቸውን ሽቦ አወጣላቸው። ሲሞክረው ከአረንጓዴዎቹ አንዷ እምቢ አለች።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ልምድ» አለች ልጅቷ ጣሪያውን እያየች።

«የተገለበጠችው አምፖሏ ናት። እኔ አልተገለበጥኩም።»

ከጠረጴዛዋ ሥር፣ እጇ የሚደርስበት ቦታ አንዲት ማብሪያ ገጠመላት። ስብሰባ ሲጀመር ትጫናለች፣ ቀይ ይበራል፤ ሲያልቅ ትጫናለች፣ አረንጓዴ ይሆናል። ልጅቷ ማራገቢያዎቹን ወደ ኮምፒውተሩ መልሳ ብሎናቸውን ስታጠብቅ፣ እሱ ከቆርቆሮ ሳጥኑ የክብሪት ቤት የምታህል ሰዓት ቆጣሪ አውጥቶ በሽቦዎቹ መሃል አስገባ። እሷ አልጠየቀችም፤ እሱም አልተናገረም። ደብቋት አይደለም። ሰው መኪና ሲያስረክብ «ጎማም አለው» ብሎ ይናገራል? ቀይ ያልቃል፣ አለቀ። ማለቂያ የሌለው ቀይ በእሱ ሙያ ቀይ አይባልም፤ ብልሽት ነው የሚባለው። ሰው ይደውላል፣ እሱ መሰላሉን ተሸክሞ ይሄዳል። በዘመኑ የሞላው ረጅሙ ቀይ ሁለት ደቂቃ ነበር፣ ያውም ስድስት መንገድ በሚገናኝበት አደባባይ። ለልጁ ግን አራት ደቂቃ ሞላላት። እንዲህ ያለ አድልዎ ለማንም አድርጎ አያውቅም።

ከዚያ ሚስቱን ኮሪደሩ ላይ አቁሞ ሕጉን አስጠናት።

«ቀይ?»

«እቆማለሁ።»

«አረንጓዴ?»

«እገባለሁ።»

«ቢጫ?»

«አገባሁት።»

ልጅቷ ከውስጥ ስትስቅ ተሰማ። ቢጫው እንዳልሰማ ሆኖ ቀጠለ። «መብራቱ ጭራሽ ቢጠፋስ?»

«እሱን አንተ ንገረኝ።»

«ቆም ትያለሽ፣ ግራና ቀኝ ታያለሽ፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ታልፊያለሽ።»

«ቆም፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቀስ።» በጣቷ ቆጠረችው። «ልጄ እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው። ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ።»

ልጅቷ ማብሪያዋን ተጫነች፣ መስታወቱ ቀላ። እስከ ስልሳ ቆጠሩ፣ አጠፉት፣ ሠራ ተባባሉ፣ ምሳ በሉ።

ረቡዕ ስብሰባው ደረሰ። ልጅቷ የአንድ ክሊኒክ ሥዕል ለሰባት ሰው ኮሚቴ ልታቀርብ ነው፤ አለቃዋም አለበት። ቢጫው ጋዜጣውን ይዞ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ዘረጋ። ጋዜጣውን ሊያነብ አይደለም፣ ቀዩን ሊያይ ነው። መስታወቱ ላይ ጥርት ብሎ፣ ሳይርገበገብ በራ።

ሚስቱ የታጠበ ልብስ በቅርጫት ታቅፋ መጣች። ቁምሳጥኑ ያለው ልጅቷ ክፍል ውስጥ ነው። እንደ ልማዷ በክንዷ በሩን ልትገፋ ደረሰች፤ ቀና አለች፣ ቀዩን አየች፣ ቆመች።

ቢጫው ጋዜጣውን አወረደ።

«ምን ታፈጥብኛለህ?»

«ቆምሽ።»

«ቀይ ነው ብለህ የለ?»

በሠላሳ አንድ ዓመት ማንም ለመብራቱ ሲቆም እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ተነስቶ ሊጨብጣት ምንም አልቀረው። የባለሙያ ልማድ ሆነና ግን ሰዓቱን አየ። ሦስት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ። ያን ጊዜ ነው እሱ የሞላው ቀይ ከልጁ ስብሰባ እንደሚያጥር የገባው።

መስታወቱ ቢጫ ሆነ። ሦስት ሰከንድ። አረንጓዴ።

«ቆይ» አለ ቅርጫቱን ይዞ።

«የምን ቆይ? አረንጓዴ ነው።»

«አረንጓዴው ስህተት ነው።»

«ዕድሜህን ሙሉ ስትሠራው ኖረህ፣ እኔ ዛሬ ባከብረው ስህተት ሆነ?»

ቅርጫቱን እሱ ወዲህ፣ እሷ ወዲያ ይጎትታሉ። ልጅቷ፣ በኋላ እንደነገረችው፣ ስክሪኑ ላይ የራሷ ጉንጭ ከቀይ ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ አይታለች፤ ሌላ ዘዴ ስላልመጣላት የወንበሯን ሹራብ አንስታ ኮምፒውተሩ ላይ ጣለችበት። መስታወቱ ጨለመ።

ቢጫው ተነፈሰ። ሚስቱም ቅርጫቱን መጎተት ተወች።

«ጠፋ» አለች።

«ጠፋ» አለ፣ ሊስቅ ምንም ሳይቀረው።

«ቆም» አለች ለራሷ፣ እግሯን ገጥማ። ከዚያ በሩን ከፈት አድርጋ አንገቷን አስገባች። ግራ፣ መስኮቱን አየች። ቀኝ፣ ቁምሳጥኑን አየች። ቅርጫቷን መንገድ እንደምታሻግረው ሕፃን ታቅፋ፣ ቀስ ብላ በልጅቷ ወንበር ጀርባ ከስክሪኑ ዳር እስከ ዳር አለፈች። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ ቢጫው ልጁን ከራሱ ሕግም ማስጣል አልቻለም።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ሸበቶ ሴት ሐኪም ናቸው፤ መጀመሪያ የተናገሩት እሳቸው ናቸው።

«እኚህ ሴትዮ ምን እያደረጉ ነው?»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። «መብራት ስለጠፋ... ተጠንቅቃ እያለፈች ነው።»

«ነግሬሽ ነበር» አለ አለቃዋ።

ያን ጊዜ ቢጫው ገባ። ካሜራው የት እንዳለ ስላላወቀ ለኮምፒውተሩ ሳጥን እጅ ነሳ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። በቅድሚያ ሹራቡን አንሺው፣ ይግላል» አለ። ከዚያ ማራገቢያዎቹን እያሳየ ሁሉንም አስረዳ፤ አምፖሉን፣ ሽቦውን፣ ቆጣሪውን። ሐኪሟ አገጫቸውን ይዘው አዳመጡት።

«ስንት ደቂቃ ነው የሞሉላት?»

«አራት።»

«ስብሰባችን እኮ አርባ ነው።»

«የአርባ ደቂቃ ቀይ በዓለም ላይ የለም፣ እመቤቴ። ሹፌር ያብዳል።»

«እንግዲያው ነገሩ ቀላል ነው» አለ አለቃዋ። «ወይ ስብሰባው እስኪያልቅ የማይለወጥ ቀይ፣ ወይ ከሰኞ ጀምሮ ቢሮ።»

ቢጫው ጣቶቹን አፍተለተለ። «ሃያ ላድርገው?»

«እስኪያልቅ።»

«ሃያ አምስት። በመሃል ለአንድ አፍታ ብቻ ቢጫ...»

«አባዬ» አለች ልጅቷ።

ቁምሳጥኑ አናት ላይ ይዛው የመጣችው ሻንጣ ተቀምጧል፣ እጀታው ወደ ውጭ። ቢጫው እሱን አየ። ከዚያ ተንበረከከ፣ እየዳኸ ከጠረጴዛው ሥር ገባ፣ ከደረት ኪሱ መቁረጫውን አወጣ። ቆጣሪዋን ቆርጦ ሲያወጣትና ሽቦውን ሲያገናኝ የታየው የእግሩ ጫማ ብቻ ነበር።

«አብሪው» አለ ከሥር።

ቀይ በራ።

እናት ልብሱን አስገብታ ወደ በሩ እየሄደች ነበር። ቆመች።

«እማዬ፣ ውጪ፣ ግድ የለም» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ።

እናት በጣቷ ቀዩን አሳየቻት፣ ከካሜራው ዕይታ ውጭ ያለው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ያልተጣመሩ ካልሲዎች ታጣምር ጀመር። ቢጫውም ከጠረጴዛው ሥር ቢወጣ በካሜራው ፊት ማለፍ ግድ ሊሆንበት ነው። እዚያው ቀረ።

ስብሰባው ቀጠለ። ቢጫው ጉልበቱን አቅፎ፣ ራሱን ጎንበስ አድርጎ፣ ልጁ ምን እንደምትሠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማ። ታማሚው አልጋው ላይ ተኝቶ ዛፍ እንዲያይ መስኮቱን ዝቅ ማድረጓን ሰማ። ተሽከርካሪ ወንበር የትኛው ጥግ ላይ እንደሚዞር ለክታ እንደምታውቅ ሰማ። አንዱ የኮሚቴ አባል ወጪ ለመቀነስ መስኮቶቹ ይጥበቡ ሲላት ሦስት ጊዜ እምቢ አለችው፣ እያንዳንዱ እምቢታ ከፊተኛው የበለጠ ትሕትና ነበረው፤ በመጨረሻ ሰውየው አመሰገናት።

ሚስቱ ከአልጋው ዘንበል ብላ «ስንት ሆነ?» አለችው በትንፋሿ።

በጣቱ ሃያ ስድስት አሳያት።

«ብልሽት ነው። መሰላልህን አምጣ።»

አፉን በእጁ አፈነ።

ሐኪሟ ሥዕሉን ወደዱት፤ ሁለት ነገር እንዲስተካከል አዘዙና ወጡ። አለቃው ብቻ ቀረ። ጉሮሮውን ጠረገ። «የሚቀጥለው ረቡዕ በዚሁ ሰዓት» አለ። «እዚያው ሁነሽ።»

ስክሪኑ ጠፋ። ልጅቷ ማብሪያዋን ተጫነች፣ አረንጓዴ ሆነ። እናት ወዲያው ብድግ አለች። ባሏ ግን ከጠረጴዛው ሥር አልወጣም።

«ውጣ እንጂ፣ አረንጓዴ ነው።»

«እግሬ ደንዝዟል።»

«አየሽልኝ?» አለች ለልጅቷ። «መሃል መንገድ ላይ ቆመ። በይ ጡሩምባ ንፊለት።» ቅርጫቷን አስቀምጣ አንድ እግሩን ያዘች። ልጅቷም ወንበሯን ገፋ አድርጋ ሌላኛውን።