ተመልሶ የሄደው ደብዳቤ

እዚህ ኤንትሬ ሪዮስ ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ የእኛ የአይሁዶቹ ሙዚየም የተከፈተው በድሮው ምኩራባችን ጎን ነው። ሰማንያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ደጁ ላይ እየኖርኩ ገብቼ አላውቅም ነበር። አንድ ማክሰኞ ጎረቤቴ ናኡም ጎትቶ ወሰደኝ።

«ና እንጂ ሳውል፤ ከእኛ የባሰ ያረጀ ዕቃ ካለ እንይ» አለኝ።

ናኡም በየፎቶው ፊት እየቆመ ሙታኑን ሲያማ ቆይቶ፣ አንድ የመስታወት ሳጥን ጋ ስንደርስ ጎንበስ አለ። ውስጡ ያልተከፈተ ፖስታ አለ። በላዩ በቀይ እርሳስ «ተቀባዩ እዚህ የለም» ይላል፤ ከሥሩ ያለው የሙዚየሙ ጽሑፍ ሳይከፈት ለላኪዋ የተመለሰ ደብዳቤ መሆኑን ይናገራል።

«የትኛው ልበ ደንዳና ነው ይሄን የጻፈው?»

«እኔ ነኝ» አልኩት።

እህቴ ፋኒ ራሞን የሚባል ክርስቲያን ጋሪ ነጂ አግብታ ሄደች። አባቴ ሸሚዙን ቀደደ፤ ለሞተ ሰው እንደሚደረገው ሰባት ቀን ሐዘን ተቀመጥን። በዓመቱ ይህ ደብዳቤ በስሜ መጣ። «መልሰው» ያለኝ ሰው አልነበረም። ጨዋ ልጅ ልባል ብዬ ራሴ ጻፍኩበት፤ ራሴ ፖስታ ቤት ወስጄ መለስኩት። ዳግም አልጻፈችም። እስክትሞት ድረስ የምትኖረው አርባ ኪሎ ሜትር ርቃ ነበር።

አስጎብኚዋ ኖኤሚ ሰምታን ኖሮ ቀረብ አለች።

«ዶን ሳውል፣ ያመጣችልን የእህትዎ ልጅ ግራሲዬላ ናት። የተጻፈለት ሰው ከመጣ ስጡት ብላለች።»

ፖስታውን ከሳጥኑ አውጥታ ሰጠችኝ፤ ናኡም በሰንጢው ከፈተልኝ። በዪዲሽ፣ በአይሁድ ወላጆቻችን ቋንቋ፣ የተጻፈ ነው።

«ሳውልዬ፣ እማማ መታመሟን ገበያ ላይ ሰማሁ። ሐሙስ አባባ ከብት ጨረታ ሲሄድ በጓሮ በር ብመጣ ትከፍትልኛለህ? አልቆይም። አይቻት እመለሳለሁ።»

እናቴ የሞተችው በዚያው ወር ነው። በር በተንኳኳ ቁጥር «ማነው?» ትል ነበር።

ኖኤሚ ለግራሲዬላ ደውላ ስልኩን ሰጠችኝ።

«ሳውል ነኝ። የእናትሽ ወንድም።»

«አነበቡት?»

«አዎ።»

«ምን ይላል?»

እየተረጎምኩ አነበብኩላት። የጓሮ በሩ ያለበትን መስመር ሁለት ጊዜ አነበብኩላት።

«እሁድ መጥቼ ልይሽ?» አልኳት ስጨርስ።

«አላውቅም። ላስብበት።»

ስልኩን መለስኩና ኖኤሚን አንድ ነገር ለመንኳት፤ ከፖስታው ሥር ባለው ጽሑፍ ላይ፣ የመለሰው ሰው ስም እንዲገባ። የአባቴን የቤተሰብ ስም ጨምሬ፣ ፊደል በፊደል አስጻፍኳት።