የራስ ቅል ያለበት በርሜል

ጸሐይወርቅ መጥረቢያዋን በነጠላዋ ሸፍና ጎፋ ያለው ፋብሪካ በር ስትደርስ፣ ዘበኛው ክብረት እንደ ልማዱ ባዶ የኬሚካል በርሜል ለሰፈር ሰው ይሸጣል። በርሜሎቹ ሰማያዊ ናቸው፤ የራስ ቅል ተስሎባቸዋል። ተቆጣጣሪ የሚባለውማ ከወዴት መጥቶ! የቧንቧው ውሃ ሲያሰኘው ብቻ ስለሚመጣ ሰፈሩ ሁሉ ውሃ የሚያጠራቅመው በዚሁ ነው። እሷም ገዝታ፣ ቅሉን በአሸዋ ፍቃ፣ በአመድና በሎሚ አጥባዋለች። ሽታው ሲለቅ መርዙም የለቀቀ መስሏት ነበር። ልጇን ያከመው ሐኪም “ውሃ የምታስቀምጡት በምንድን ነው?” ሲላት ነው የገባት። አንድያ ልጇን ውዳሴን ትናንት ቀበረች።

“ነፍሰ ገዳይ!” ብላ መጥረቢያውን አንዱ በርሜል ላይ አሳረፈችው። ከዚያ ሌላው ላይ። ክብረት ሊይዛት ሲንደረደር በዛቢያው አፉን መታችው፤ ጥርሱ ከነደሙ ረገፈ።

መጥረቢያውን ያስጣሏት ግን ለመግዛት የተሰለፉት ጎረቤቶቿ ናቸው፤ ትናንት አብረዋት ያለቀሱት።

“ደህናውን በርሜል ምን አደረገኝ ብለሽ ነው የምትበሺው? እኛ ውሃ በምን እናስቀምጥ?” እያሉ በፀጉሯ ጎተቷት፤ ደም እስክትተፋ ረገጧት።

ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ ከንፈሯ ተተርትሯል። አንድ ወጣት ፖሊስ ወንበር ሳበላት።

“አይዞሽ እናቴ፣ ውሃ ቅመሺ” ብሎ ጥግ ከቆመው ሰማያዊ በርሜል በጣሳ ቀዳላት።

ጸሐይወርቅ በርሜሉን አየችው። የራስ ቅሉ በአሸዋ ተፍቆ ጠፍቷል። ጥርሶቹ ብቻ አልለቀቁም።