ለእመቤቷ የተሠሩ ሁለት ጎማዎች

አባቴ ከፋብሪካው በጡረታ የወጣበትን ቀን የሽያጭ ክፍል ሰዎች እንዲህ አድርገው ነው የሚያወሩት፦ አዲሷ ትንሿ ሞተር ሳይክል በጭብጨባ ቀረበችለት፤ እሷም እንደ ወጉ ቤተሰቡን ጭና ከትልቁ በር ሄደች። እንባ በእንባ ሆኖ አመሰገነ ብለው የሚጨምሩም አሉ።

የወርክሾፕ ሰዎች የሚሉት ሌላ ነው። ሞተሯን በጣቱ እንኳ አልነካትም፤ ያን ሁሉ ዘመን በገባበት በር በእግሩ ወጣ። ምራቁን እንትፍ ብሎባታል የሚሉም አልጠፉም።

እንባውም ምራቁም አልነበረም። የቀረውን ግን ሁለቱም ወገን አልዋሹም። እኔ የሰውየው ልጅ ነኝ፤ የምሠራው ደግሞ ሽያጭ ክፍል ነው፤ ምሳዬን ከእነዚህም ከእነዚያም ጋር እበላለሁ። ሁለቱ ወሬዎች እንዴት አብረው እውነት እንደሆኑ ለመናገር ከወጉ መጀመር አለብኝ።

ፋብሪካችን ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ አንድ ዓይነት ሞተር ሳይክል ሲሠራ የኖረ ነው፤ ከባድ፣ ጥቁር፣ የቤንዚን ጋኗ ላይ ወርቃማ መስመር የተሰመረባት። ሠራተኛው «እመቤቷ» ይላታል። ጡረታ የሚወጣ ሰው አንዲት እመቤት ይሰጠዋል፤ ግን የራሱን ድርሻ ራሱ ሠርቶባት ነው። ቀለም ቀቢ ከሆነ ጋኗን ይቀባል፤ ሞተር ገጣሚ ከሆነ ሞተሯን ይገጥማል። በመጨረሻው ቀን ጓደኞቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ብረት በመፍቻ እየቀጠቀጡ ይሸኙታል። ሚስቱ ከበሩ ውጭ ትጠብቀዋለች፤ ከኋላው አፈናጥጦ ከተማውን አንዴ ይዞራል። በቃ፣ ወጉ ይኸው ነው።

አባቴ ጎማ ሠሪ ነበር። መሃል ላይ ካለው ሞዞ እስከ ዳር ቀለበቱ ድረስ ቀጫጭን ሽቦዎችን እያጠላለፈ ይወጥራል፤ ከዚያ ጎማውን ቀስ እያለ እያሽከረከረ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጥፍሩ ይነካና ያዳምጣል። የላላው ድምፁ ይወፍራል፣ የከረረው ይቀጥናል። ሁሉም አንድ ሲሆኑለት መፍቻውን ያስቀምጣል። በዚህ የተነሳ ስሙ ቀርቶ ጋሽ ጆሮ ተባለ።

«ፋብሪካ ሲሆን ጆሮ፣ ቤት ሲገባ ደንቆሮ» ትላለች እናቴ።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። እኔ ገና ትምህርት ቤት ሳልገባ የጎረቤታችን ሚስት በባሏ የጡረታ ቀን በቀሚስ ወደ ጎን ተቀምጣ ስትዞር አየችና «እኔስ እንዲህ እንደ ጆንያ ተጭኜ አልሄድም» ብላ ለራሷ አንድ ጥቁር ሱሪ ሰፋች። ሱሪው ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሎ ኖረ። ወገቡን ሁለት ጊዜ አስፍታዋለች። አባቴ ባስቀየማት ቁጥር «ቆይ ብቻ፤ ያቺን ቀን ከኋላዬ አስቀምጬ ካላዞርኩሽ» ይላታል። «ላም አለኝ በሰማይ» ትለዋለች። ግን ቁም ሣጥኑ በተጠረገ ቁጥር ሱሪውን አውጥታ ታራግፈዋለች።

ቀኑ እስኪደርስ ሁሉም አረጀ። እመቤቷን የሚገዙ ሰዎች አረጁ፤ አንዳንዶቹ ወደ ማሳያ ክፍላችን የሚመጡት ሊገዙ ሳይሆን «ጉልበቴ አልቻላትም፤ መልሳችሁ ትወስዷታላችሁ ወይ?» ብለው ሊጠይቁ ነበር። መጋዘን ውስጥ በሸራ የተሸፈኑ እመቤቶች ተደርድረው አቧራ ይጠጣሉ። በመጨረሻ ድርጅቱ ትንሿን አመጣ። ቀላል ናት፣ ዝቅ ያለች ናት፣ ዋጋዋ የእመቤቷን ሲሶ አይሞላም። የፋብሪካው ስም እንደ እመቤቷ በወርቃማ ፊደል ተጽፎባታል። ሞተሯ ከውጭ በሳጥን ይመጣል። ጎማዋም በሳጥን ይመጣል፤ ሽቦ የሚባል የለውም፣ በቅርፅ ቀልጦ የፈሰሰ አንድ ወጥ ብረት ነው።

ወርክሾፑ ወዲያው ስም አወጣላት፦ ጫጩቷ።

ጫጩቷ መጥፎ ሞተር አልነበረችም። ይህን የምለው ስለምሸጣት አይደለም። የመጀመሪያዋን የገዛችው አንዲት ነርስ ናት፤ ቁጭ ብላ ሁለት እግሮቿ መሬት ሲነኩ እየሳቀች «ይህን ስም እያየሁ ነው ያደግኩት፤ ለእኔ ቁመት ይሠራሉ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም» አለችኝ። ያለ ጫጩቷ ፋብሪካው በአንድ ቀን ይዘጋ ነበር። ከጫጩቷ ጋር ደግሞ ክፍል በክፍል ይዘጋል፤ አዲስ ሳጥን በመጣ ቁጥር አንድ ክፍል።

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም። ሌላ ሰው ቢሆን ሰሌዳ ላይ ለጥፎ ይገላገል ነበር፤ እሱ ግን ጎማ ክፍል ድረስ ወርዶ ቆሞ ለአባቴ ነገረው። እኔም አብሬው ነበርኩ።

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ ለጡረተኛ የምንሰጠው ትንሿን ነው። የቀሩትን ትልልቆቹን ባንኩ ይዟቸዋል፤ አንዷንም ማንቀሳቀስ አልችልም።»

አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እዚያ ሁለት ጎማዎች ተሰቅለዋል፤ ሽቦዎቻቸው በዘይት ተወልውለው የሚያበሩ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ከሥራ ሰዓት ውጭ ሲሠራቸው የነበሩ፣ የራሱ ድርሻ።

«ሠርቻቸዋለሁ እኮ» አለ።

«በጣም ቆንጆ ናቸው። ማሳያ ክፍል ግድግዳ ላይ እንሰቅላቸዋለን፤ ከነስምዎ።»

ሥራ አስኪያጁ ይህን ያለው ሊያስደስተው ብሎ ነው። አባቴም ያንን ያወቀ መሰለኝ።

ማታ እራት ሳይቀርብ ነገሩን አነሳው።

«ጫጩት ሊሰጡኝ ነው።»

እናቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና አላለችም። «ትሄዳለች?»

«ምን?»

«ትሄዳለች ወይ ነው የምልህ። ነዳጅ ሲሰጧት ትሄዳለች?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ጎማዋ ጎማ አይደለም እኮ! እንደ ብስኩት በቅርፅ የወጣ ነገር ነው።»

«ብስኩትም ይሁን ዳቦ፣ ከዞረ ይበቃኛል።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችና መኪናዋን አቆመች። «ስማኝማ። ትልቋንም ቢሰጡህ እኔ አልወጣባትም። ጉልበቴ እምቢ ካለኝ ቆየ። ደረጃውን በመቀመጫዬ እየተንፏቀቅኩ ስወርድ አታየኝም?»

«ደግፌ አወጣሻለሁ።»

«ማን ደግፎ? አንተ ራስህ ካልሲህን የምታጠልቀው ግድግዳ ተደግፈህ ነው።» ሳቄን ዋጥኩት። እሷ ግን አልሳቀችም። «ባለፈው ሰሞን ልጅህ ማሳያ ክፍሉ ወስዶኝ ትንሿ ላይ ተቀምጫለሁ። እግሬን ሳዞረው ዞረልኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ መሰለህ።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ነህ የወሰድካት?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«ጎማዎቹን ታዲያ ለማን ሠራኋቸው?»

ጥያቄው ለእኔ ይሁን ለእሷ አልለየሁም። እናቴ ናት የመለሰችው።

«ለእኔማ አይደለም፤ ለእኔ ቢሆን ኖሮ ጉልበቴን ትጠይቀው ነበር።»

 አባቴ ጆሮ ዳባ ልበስ ሲል ፊቱ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። ከዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ የቀረለት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ጎማዎቹ ቤት አጥተዋል።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሁለቱን ጎማዎች ይዞ ጫጩቶቹ ወደሚገጣጠሙበት አዳራሽ ሄደ። ቀለም ቀቢው ጓደኛውና እኔ ተከተልነው። የዚህ ጓደኛው ክፍል የተዘጋው ቀደም ብሎ ነው፤ ወርቃማው መስመር ተለጣፊ ሆኖ ከመጣ ወዲህ የሚውለው ሳጥን በመቁጠር ነበር።

«ጆሮዬ፣ ጫጩት ላይ የበሬ ቀንድ ልትተክል ነው?» አለው።

«ዝም ብለህ ያዝልኝ።»

አንዷን ሞተር በእንጨት ላይ አንስተው የፊት ጎማዋን ፈቱ። የአባቴ ጎማ ሰፊ ነው፤ በሁለቱ የፊት እግሮቿ መካከል ግማሹ እንኳ አልገባም። አዘነበለው፣ ገለበጠው፣ እንደገና ሞከረ። የመሃሉ ብረት ከቀዳዳው ወፍራም ነው። ፍሬኑ የሚይዝበት ቦታ በሌላ ጎን ነው።

«እግሮቿን ትንሽ ብንከፍታቸውስ?»

«ብትከፍታቸውም ፍሬን አይኖራትም። ሚስትህን አፈናጥጠህ ወዴት ልትሄድ ነው? ወደ ሰማይ ቤት?»

አባቴ ጎማውን ወለሉ ላይ አቁሞ በአንድ እጁ ያዘውና አንዱን ሽቦ በጥፍሩ ነካው። ጥርት ያለ ድምፅ ወጣ፤ አዳራሹን ዞሮ ወደኛ የተመለሰ መሰለኝ። ሳጥን ሲከፍቱ የነበሩት ሠራተኞች ቀና ብለው አዩና ሥራቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ከሳጥን የመጣውን ጎማ በቦታው መለሰው፤ ዳዶውን እንደሚገባ አጠበቀው፤ በልምድ ይመስላል እሱንም በጥፍሩ ነካው። ቀጭ አለ። ሌላ ምንም።

«እሺ፣ አሁን አርፈህ ተቀበል» አለው ቀለም ቀቢው፤ በዚህኛው ላይ ቀልድ አልነበረበትም። «እኔ ጋን ሳልቀባ ነው የምወጣው። አንተ ቢያንስ ሠርተሃል።»

የመጨረሻው ቀን ጠዋት ጎማ ክፍል በር ላይ ሳጥኖች ተደርድረው አገኘን። እሱ ሲወጣ እነሱ ሊገቡ ነው። አባቴ እንዳላየ ሆኖ በመካከላቸው ሾልኮ ገባ።

ከቀትር በኋላ ሠራተኛው ግቢው ውስጥ ተሰለፈ። ከድሮው ሰልፍ ጋር ሲተያይ ግማሽ እንኳ አይሆንም፤ ሰው እንዳነሰ እንዳይታይ ተራርቀው ቆመዋል። ጫጩቷን ከመጋዘን አውጥቼ መሃል ላይ ያቆምኳት እኔ ነኝ። በተከፈተው በር እናቴ ትታየኛለች፤ ጥቁሩን ሱሪ ለብሳ፣ ፀጉሯን በሻሽ አጥብቃ አስራ፣ ክብደቷን በደህናው እግሯ ላይ ጥላ። ከቤት እስከዚያ ያደረሳት የጎረቤት መኪና ነው፤ እሱም አድርሷት ሄዷል። «መመለሻማ አለኝ» ብላ ነው ያሰናበተችው።

ሥራ አስኪያጁ አጭር ንግግር አደረገ። ደህና ንግግር ነበር፤ ሰዉም አጨበጨበ። ቁልፉን ሲዘረጋ አባቴ እጁን አላነሳም። ሥራ አስኪያጁ ጥቂት ጠበቀና፣ ሰው ፊት እንዳይዋረድ ይሁን እንዳያዋርደው፣ ቁልፉን በእኔ መዳፍ ላይ አኖረው።

አባቴ ወደ ጎማ ክፍል ተመለሰ። ሲወጣ ግራና ቀኝ ሁለቱን ጎማዎች እያሽከረከረ ነበር።

«እኔ ይቺን አልነዳም» አለ፤ ለማንም ሳይሆን ለግቢው። «የሠራሁትን ይዤ በእግሬ እወጣለሁ።»

 ከዚያ ቀለም ቀቢው ብረቱን መታ፤ ሌላው ተከተለ፤ ግቢው በአንዴ ተናወጠ። እንደዚያ ሲቀጠቀጥ ሰምቼ አላውቅም። ወንዶቹ የሚያለቅሱ ይመስሉ ነበር፤ በእርግጥም ያለቀሱ አሉ። አባቴ በመካከላቸው አለፈ፤ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ከጎንና ከጎኑ ይሄዳሉ፣ አንዱም አይወላገድም። እኔ ጫጩቷን በእጄ እየገፋሁ ተከተልኩት፤ ሌላ ምን እንደማደርግ አላወቅኩም።

ከበሩ ውጭ እናቴ ፊት ቆመ።

«ነይ፣ እንሂድ» አላት።

«በምን?»

«በእግራችን። ቀስ እያልን።»

እናቴ መንገዱን አየች። ከፋብሪካው በር እስከ ቤታችን ያለው መንገድ ዳገት ነው፤ ጤነኛ ሰው እንኳ መሃሉ ላይ ቆሞ ይተነፍሳል። ከዚያ የሱሪዋን ጉልበት አየች።

«የሽቦ ድምፅ ስትሰማ ኖርክ» አለችው ቀስ ብላ። «ይሄ ጉልበት ሲንቋቋ ግን አንድ ቀን አልሰማኸውም።»

አባቴ ግራ ተጋባ። የሚሰጣት ነገር ፈለገ፤ በእጁ ያለው ያው ነው። የቀኙን ጎማ ወደ እሷ አስጠጋው።

«አንዱን ያዢና ተደገፊበት። አይወላገድም።»

እጇን ጎማው ላይ አሳረፈች። የምር ልትሞክር ነበር፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ክብደቷን ስትጥልበት ጎማው ከሥሯ ተንከባለለ፤ እንዲንከባለል ነውና የተሠራው። ተንገዳገደች። አባቴ እንዳይይዛት ሁለቱም እጆቹ ተይዘዋል። ከኋላችን ብረቱ እየተቀጠቀጠ ነው፤ እነሱ አያዩንም።

እናቴ በደህናው እግሯ ተስተካክላ ቆመች። ሻሿን አጠበቀች። ከዚያ እሱን ሳይሆን እኔን እያየች፣ ብረቱን አልፎ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች።

«ልጄ፣ አስነሳት። እኔ በሞተሯ ነው የምሄደው።»